ግማሽ መኪና ማንጎ

ከመርሳ ከተማ ወጣ ብለው አስፋልቱን በመልቀቅ የመስኖውን ቦይ ይዘው ጥቂት ሲሄዱ፣ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት የማንጎ ማሳዎች ያገኛሉ። አንደኛው የደምሴ ነው፤ ሌላኛው የሐጂ ሙሄዲን። በመካከላቸው ያለው አጥር ፍየል እንኳ የማያከብረው የቁልቋል አጥር ነው። ሁለቱ ሰዎች ግን ያከብሩት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዱ ወደ ሌላው አልተሻገረም፤ አንዱ ሌላውን "እንዴት አደርክ" አላለውም።

ያጣላቸው መሬት አይደለም፤ ውሃም አይደለም። ማንጎ ነው።

ሁለቱ አብሮ አደጎች ናቸው። አንዱ የሌላውን ሠርግ ደግሷል፣ አንዱ የሌላውን አባት ቀብሯል። ታዲያ ደምሴ ከጊዜ በኋላ በሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል በኩል የተሻሻለ የማንጎ ችግኝ አግኝቶ ተከለ። ፍሬው የሕፃን ራስ የሚያክል፣ አንዱ ጉንጩ ቀይ፣ ሲቆርጡት እንደ ቅቤ የሚለቅ ሆነለት። ሙሄዲን ግን የአባቱን ዛፎች አልነካም። የእሱ ማንጎ ትንሽ ነው፤ ሽታው ከአስፋልቱ ድረስ ሰው ይጠራል፤ ግን ክራም ነው። የበላ ሰው ከሰዓት በኋላውን ጥርሱን ሲጎረጉር ይውላል።

በአንድ የገበያ ቀን ሁለቱም ሳፋቸውን መንገድ ዳር አስቀምጠው ሳለ ከአዲስ አበባ የመጣ መኪና ቆመ። አንድ መንገደኛ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ "የቱ ይሻላል?" ብሎ ጠየቀ።

ደምሴ ነገር ሲመጣለት ምላሱን የሚይዝ ሰው አይደለም። "የኔን ውሰድ" አለ። "የሱን ከበላህ መፋቂያ መግዛት አይኖርብህም። ክሩ ራሱ ሲፍቅህ ይውላል።"

መንገደኞቹ ሳቁ። ገበያውም ሳቀ። ሙሄዲን ብቻ አልሳቀም።

"የሱ ማንጎ እንደ ባለቤቱ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ከላይ ሲያዩት ግዙፍ፣ ሲቆርጡት ውሃ።"

ገበያው አሁንም ሳቀ። የገበያ ሰው ለማንም አያዳላም።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ገባ። ሙሄዲን፣ "በዚያው ገበያ፣ በዚያው ቦታ አንድ ሳፋ ማንጎዬን በልቶ 'ጣፈጠኝ' ይበል፤ ያኔ አፉ እለዋለሁ" አለ። ደምሴ ደግሞ፣ "ክሩን ከጥርሴ ማን ሊነቅልልኝ ነው?" አለ። ሽማግሌዎቹ ተያይተው ተነሡና ወደየቤታቸው ሄዱ።

ችግሩ፣ ጎረቤት ሲኳረፍ ሥራ አይኳረፍም። የውሃ ተራ አለ፣ አጥር የሚጥስ ከብት አለ፣ የሚሞት ሰው አለ። መነጋገር ግድ ነው። ለዚህ ዘዴ ያገኘው ደምሴ ነው። ግራጫ አህያ ነበረችው። ከአጥሩ አጠገብ ያቆማትና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "አንቺ አህያ! ነገ ጠዋት ውሃው የኛ ተራ ነው። የሚሰማ ካለ ይስማ!" ይላል። ከወዲያ ማዶ ሙሄዲን፣ "አንቺ አህያ! ለጌታሽ ንገሪው፤ ተራው የኛ ነው። ካላመነ የውሃ አባቱን ይጠይቅ!" ብሎ ይመልሳል። አህያዋ ጆሮዋን አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ታዞራለች። በቀበሌው የእሷን ያህል መረጃ ያለው የለም እየተባለ ይቀለድ ነበር።

ሚስቶቻቸው ግን አልተኳረፉም። የደምሴ ሚስት አስካለና የሙሄዲን ሚስት ለይላ በቁልቋሉ ክፍተት እየተገናኙ ጨው ይዋሳሉ፣ ወሬ ይለዋወጣሉ። ከዚያም አልፈው፣ አስፋልቱ ዳር ሲወጡ የሁለቱን ቤት ማንጎ በአንድ ሳፋ ቀላቅለው ይሸጡ ነበር። ትልቁን ከላይ፣ ሽታ ያለውን ከታች። አንድም ደንበኛ አማርሮ አያውቅም።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ እንዳለ ነው ባለፈው ዓመት ከወልድያ ኪሩቤል የሚባል ወጣት የንግድ ባለሙያ መጥቶ በገበሬ ማሠልጠኛው አዳራሽ ስብሰባ የጠራው።

"የአፍሪካ አገሮች ተስማምተዋል" አለ ኪሩቤል። "አንዱ አገር የሌላውን ዕቃ ሲያስገባ የሚያስከፍለው ቀረጥ ለብዙው ዕቃ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይጠፋል። ነፃ የንግድ ቀጣና ይባላል።"

ከኋላ ኡበይደላ እጁን አወጣ። ኡበይደላ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ያለው፣ ሳይጠይቅ ከስብሰባ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው።

"ነፃ ስትል... በነፃ ማለትህ ነው?"

"አይ፣ በነፃ አይደለም። ነፃ ነው።"

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

ኪሩቤል ትንሽ አሰበ። "በነፃ ማለት አይከፈልም ማለት ነው። ነፃ ማለት ግን... ይከፈላል፤ ለመንግሥት ግን አይከፈልም።"

"ይሄን መንግሥት ሰምቷል?" አለ ኡበይደላ።

"መንግሥት ነው የፈረመው!"

"ላ ኢላሃ ኢለላህ!" ብሎ ተቀመጠ።

ደምሴ ተነሣ። "ልጄ፣ ማንጎ ለኬንያ ትሸጣላችሁ ብለሃል። ኬንያ ማንጎ የለም እንዴ?"

"አለ እንጂ፣ ጋሽ ደምሴ። ከኛም ይበልጣል። ግን የእነሱ ወቅት ሲያልፍ ነው የኛ የሚደርሰው። የጭማቂ ፋብሪካቸው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አፉን ከፍቶ ነው የሚጠብቀው።"

ይህ ለሁሉም ገባቸው። አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ ነገር ምን እንደሆነ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቃል።

ከሴቶቹ መቀመጫ አስካለ ጠየቀች። "ለመሆኑ ስንት አገር ነው የፈረመው?"

"ሃምሳ አራት።"

"ሃምሳ አራት አገር!" አለች አስካለ፣ ወደ ሕዝቡ ዞር ብላ። "ቋንቋው ለየብቻ፣ ገንዘቡ ለየብቻ፣ አንዳንዱም ትናንት ሲዋጋ የነበረ። እሱ ሁሉ ተስማማ። እኛ ሁለት ማንጎ ተካዮች ማስማማት አቃተን።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ደምሴ ጣራውን፣ ሙሄዲን ጫማውን ማየት ጀመሩ። ለይላ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ኪሩቤል ሳቁ ሲበርድ ዋናውን ነገር ተናገረ። ለጭማቂ ፋብሪካ ፍሬ የምታቀርብ የኬንያ ነጋዴ ፍራፍሬ ፍለጋ በአገሪቱ እየዞረች ነውና መርሳንም ልታይ ትመጣለች። እሱ ራሱ ከወልድያ መጥቶ ያስተረጉማል። ኪሩቤል "ነጋዴዋ" ነው ያለው፤ ጣራውን ሲያይ የነበረው ደምሴ ግን "ነጋዴው" ብሎ ሰማ። ብዙው ሰውም እንደዚያው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መርሳ እንቅልፍ አጣች። ኡበይደላ የሻይ ቤቱን ታፔላ አወረደና "አፍሪካ ሻይ ቤት" ብሎ አስጻፈ፤ ጸሐፊው የአህጉሩን ካርታ እንዲስልለት ቢጠይቀው ሳንቡሳ የመሰለ ነገር ሣለለት። ደምሴ ከምርጦቹ ማንጎዎች መካከል ምርጦቹን ለቅሞ፣ እያንዳንዷን በዘይት በነከረው ጨርቅ ወለወለ። ፀሐይ ስታርፍባቸው መልክ ያሳያሉ። "ክቡር ሆይ፣ ወደ ማሳዬ እንኳን ደህና መጡ" የምትል ንግግርም አጠና። ሙሄዲን ምንም አላደረገም። "ሪዝቄ ከሆነ ቤቴ ድረስ ይመጣል" አለ። በቀኑ ግን ከጅዳ ያመጣውን ነጭ ጀለቢያ በካውያ አስተኩሶ ለበሰ።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ኪሩቤል ደወለ። መኪናው ሲሪንቃ ላይ ጎማው ፈንድቶ፣ ትርፍ ጎማውም ባዶ ሆኖ መንገድ ዳር ቆሟል። "እንደምንም እደርሳለሁ፤ እንግዳዋን አቆዩልኝ" አለ። እንግዳዋ ግን በወልድያ በኩል አይደለም የመጣችው። ኮምቦልቻ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመኪና በውጫሌ በኩል ነበርና ኪሩቤል ገና ጎማ ሲለምን እሷ ማሳው ላይ ደረሰች። አብሯት ሊመጣ የነበረው አስተርጓሚ ኮምቦልቻ ላይ ጥሬ ሥጋ አብዝቶ ከሆቴል አልወጣም። ሹፌሩ አለ፤ የሹፌሩ እንግሊዝኛ ግን "ኦኬ" እና "ኖ ፕሮብሌም" ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱን የእንግሊዝኛ መምህር እንጥራ ተባለ፤ ፈተና እየፈተነ ነው ተባለ።

የመኪናው በር ተከፈተና ደልደል ያለች፣ አበባ ያለበት ቀሚስ የለበሰች፣ ሻሿን ወደ ላይ የጠመጠመች ሴት ወረደች። ደምሴ "ክቡር" ያለው አፉ ላይ ቀረ። የሞምባሳ ሰው ናት ብሎ ሹፌሩ ነገረን። እሷ ሕዝቡን ዙሪያውን አየችና ፊቷ በፈገግታ በርቶ፣ ሁለት እጇን ዘረጋችና፣

"ሐባሪ! ሐባሪ ዜኑ!" አለች።

"ሐብሩ አለች!" ብሎ ጮኸ ኡበይደላ። "ሰማችሁ? ወረዳችንን ታውቃለች! ሐብሩ እስከ ኬንያ ታውቋል!"

ጭብጨባው ቀለጠ። እልልታ ተከተለ። ደምሴ ንግግሩን ረስቶ፣ "አዎ! ሐብሩ! እንኳን ወደ ሐብሩ በሰላም መጡ!" አለ።

"ሐባሪ!" አለች ሴትዮዋ ይበልጥ ደስ ብሏት።

"ሐብሩ!" አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

ይህ ማቆሚያ ሊያጣ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ከኋላ ሙሄዲን ጉሮሮውን ጠረገ እንጂ።

"ሐብሩ አይደለም የምትለው" አለ። "ኸበር ነው። ወሬ ማለት ነው በዐረብኛ። 'ምን ወሬ አለ፣ ደህና ናችሁ ወይ' ነው የምትለን።"

ሕዝቡ የተቀማ ሰው መሰለ። አንዳንዱ ሙሄዲንን በክፉ ዓይን አየው። እሱ ግን ወደፊት ወጣና "አሰላሙ አለይኩም" አላት። "ወአለይኩሙ ሰላም!" ብላ መለሰች። ሌላም ነገር እየጨመረች በራሷ ቋንቋ አከታተለችው። ሙሄዲን ብዙ ዓመት ጅዳ ውስጥ የመጋዘን ጥበቃ ሆኖ ሠርቷል፤ ዐረብኛው ጥሩ ነው። የሴትዮዋ ስዋሂሊ ደግሞ በየመሃሉ ዐረብኛ ጣል ጣል ይልበታል። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ እያዳመጠ፣ የሚያውቃት ቃል ስትመጣ ብድግ ያደርጋታል።

"ንግድ አለች" ይላል። "ዋጋ አለች... አሁን የምትለውን አላወቅሁም... አሁንም አላወቅሁም... ስኳር አለች!"

በዚህ ዓይነት ሙሄዲን አስተርጓሚ ሆነ። ለሕዝቡ ሁሉ ይተረጉማል፤ ለደምሴ ግን አይተረጉምም። እንዴት ይተርጉምለት? ተኳርፈዋል።

ደምሴ ከተወለወሉት ማንጎዎች ትልቁን አንሥቶ በቢላዋ ከፍሎ አቀረበ። ሴትዮዋ ቀመሰችና ራሷን ነቀነቀች። "ንዙሪ" አለች።

ደምሴ ቃሏን መስማት ፈለገ፤ መጠየቅ ግን አይችልም። እንደ ልማዱ ሣጥኖቹን ወዳመጣችው አህያ ዞረ።

"አንቺ አህያ! ምን አለች?"

ሙሄዲንም ወደ አህያዋ ዞሮ፣ "አንቺ አህያ! ይቺኛዋን ቃል አላውቃትም በይው" አለ።

"አንቺ አህያ! ማንጎዬን ስታደንቅልኝ ሆን ብሎ ደበቀኝ እንዴ?"

"አንቺ አህያ! ወላሂ አላወቅሁትም በይው!"

ሴትዮዋ አንዴ ደምሴን፣ አንዴ ሙሄዲንን፣ አንዴ አህያዋን አየች። ከዚያ ፊቷን ወደ ሹፌሩ አዙራ አንድ ነገር ጠየቀችው። "ኖ ፕሮብሌም" አለ ሹፌሩ።

በዚህ መካከል ነፋስ ተነሣና የሙሄዲንን ማሳ ሽታ ይዞ መጣ። ሴትዮዋ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ቆመች። ማንንም ሳታስፈቅድ በቁልቋሉ ክፍተት አልፋ ገባች። ሕዝቡ ተከተላት፤ ደምሴም ሕዝቡ ገፍቶት ሳያስበው ከሦስት ዓመት በኋላ የሙሄዲንን መሬት ረገጠ። እሷ ከለይላ ሳፋ አንዲት ትንሽ ማንጎ አንሥታ በመዳፏ አሸት አሸት አደረገችና ጫፏን በጥርሷ ቆርጣ መጠጠቻት። ልክ እንደኛው። ቢላዋ የለ፣ ሳህን የለ። ጭማቂው በክንዷ ላይ ወረደ።

ከዚያ ቆም አለች። ሁለት ጣቷን ወደ አፏ ሰደደችና ከጥርሷ መካከል ረጅም ክር መዘዘች። ክሩን ፀሐይ ላይ ይዛ አየችው።

ደምሴ ይህን ሲያይ የተሰማውን ደስታ መግለጽ ይከብዳል። "አላልኳችሁም?" የሚል ዓይኑን በሕዝቡ ላይ አዞረ።

ሴትዮዋ ግን ከት ብላ ሳቀች። "ጁይሲ!" አለች። "ሱካሪ! ጁይሲ!"

"ስኳር ነው አለች" አለ ሙሄዲን።

"ጁስ ነው ያለችው፤ እሱንስ እኔም ሰማሁ" አለ ኡበይደላ።

"ክሩስ? ክሩን ምን ሊያደርጉት ነው?" ብሎ ጠየቀ አንድ ሰው። ሴትዮዋ ጥያቄው በምልክት ገባት። ሁለት እጇን እንደ ጨርቅ አዟዙራ ጨመቀች፣ ከዚያ የያዘችውን ጥላ እጇን አራገፈች። ተጨምቆ ይጣራል፤ ክሩ ይጣላል። ፋብሪካ ጥርስ የለውም። የምትፈልገው ሽታውንና ጣፋጩን ነበር። የደምሴ ማንጎ ለገበታ ያምራል፤ ለእሷ ግን አይሆናትም።

ሙሄዲን ጀለቢያው ጠበበው። ሴትዮዋ በዛፎቹ መካከል እየዞረች ቅርንጫፎቹን በዓይኗ ቆጠረች። ተመልሳ ስትመጣ ግን ፊቷ እንደቅድሙ አልነበረም። "ሎሪ ካሚሊ" አለች፣ ሁለት ክንዷን ዘርግታ። ቀጥላ ዛፎቹን አሳየችና በአንድ እጇ ሌላውን ክንዷን እንደ ቢላዋ መሃል ለመሃል ቆረጠችው። "ኑሱ ሎሪ።"

ይህን ለመተርጎም ሙሄዲን ዓይኑን መጨፈን አላስፈለገውም። "መኪናው ሙሉ መሆን አለበት ነው የምትለው" አለ። "የኔ ዛፎች ግማሽ መኪና ነው የሚሞሉት። ለግማሽ መኪና ደግሞ ከኬንያ ድረስ ማንም አይመጣም።"

ክራም ማንጎ ሌላ ማን ጋ አለ? ብዙው ሰው የአባቱን ዛፍ ቆርጦ አዲሱን ችግኝ ተክሏል። የቀረው ደግሞ ጫት አድርጎታል።

"ከቤታችን ጀርባ ያሉትስ?" አለች አስካለ።

ደምሴ እንዳልሰማ ሆነ። "ከቤታችን ጀርባ ምን አለ?"

"የአባትህ ማንጎዎች።"

"እነሱ እኮ ጥላ ናቸው።"

"ጥላው በየዓመቱ ያፈራል" አለች አስካለ ለሕዝቡ። "ቆርጬዋለሁ እያለ ነው የሚያወራው እንጂ አንዱንም አልቆረጠም። የአባቱ ነገር ሆኖበት አልጨከነም። ፍሬውን ሰው እንዳያይብን ለከብት ነው የምንሰጠው። ክሩ ስላሳፈረው!"

ሕዝቡ ሁሉ ሙሄዲንን አየ። ሦስት ዓመት የጠበቀው ሳቅ እጁ ላይ ወድቆለታል፤ ገበያም አያስፈልገው፣ ሳፋም አያስፈልገው። እሱም ደምሴን አየው። ደምሴ መሬት መሬት ያይ ነበር፤ ጆሮው ሳይቀር ቀልቷል።

ሴትዮዋ ይህ ሁሉ አልገባትም። አንድ ነገር እንዳለ ግን አውቃ፣ ደምሴን በጣቷ እያሳየች ሙሄዲንን፣ "ራፊኪ?" አለችው።

ሙሄዲን ቃሏን ያውቃታል። ጓደኛህ ነው ወይ ነው ያለችው። አዎ እንዳይል አፉ አልታዘዘውም። አይደለም እንዳይል ደግሞ አብረው ዋና የተማሩበት ጅረት ከዚያው ከማሳው ሥር ነው የሚፈሰው። ጺሙን ዳሰሰ።

"ጂራን" አለ በመጨረሻ።

"ኦ! ጂራኒ!" አለች ሴትዮዋ፣ ሁለት ሌባ ጣቶቿን ጎን ለጎን ገጥማ።

ደምሴ ጣቶቹን አየና ተጠራጠረ። ስለ እሱ ምን እየተባለ ነው? እንደ ልማዱ "አንቺ አህያ!" ብሎ ዞረ። አህያዋ የለችም። ሰው ሁሉ ወደ ሙሄዲን ማሳ ሲገባ ከደምሴ በር ላይ ቀርታ የተወለወሉትን ማንጎዎች አንድ በአንድ እየበላች ነበር። ደምሴ አንዴ ባዶውን ቦታ፣ አንዴ ሙሄዲንን አየ፤ ከዚያ ትዕግሥቱ አለቀ።

"አንተ! ምን ብለህ ነው የነገርካት?"

ለይላ የአስካለን ክንድ ጨበጠች።

"ጎረቤቴ ነው አልኳት!" አለ ሙሄዲን፣ እሱም ጮኾ።

"እሱማ ነኝ!"

"ታዲያ ምን ያስጮህሃል?"

"የምጮኸው... የምጮኸው አሳጥረህ ስለምትተረጉም ነው! ንገራት! የኔም ማንጎ ክር እንዳለው ንገራት! የጀርባው!"

"እንደኔ ክር አለው?"

"እንዳንተ?" አለ ደምሴ፣ ደረቱን ነፍቶ። "ካንተ ይበልጣል እንጂ! ያንተ ክር ነው፣ የኔ ገመድ ነው! ከብት እንኳ እያነቀው ነው የሚበላው!"

መጀመሪያ የሳቀው ሙሄዲን ነው። ጀለቢያውን ይዞ ጎንበስ እስኪል ሳቀ። ደምሴ ተቆጥቶ አየው፤ ከዚያ የተናገረውን ራሱ ሰማውና እሱም ተሸነፈ። ሴትዮዋ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራ ሳቀች። ሹፌሩ "ኦኬ" አለ።

ኪሩቤል ከተሰበረ መኪናው በባጃጅ፣ ከባጃጁ ወርዶ በእግሩ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲደርስ ሁሉም ነገር አልቋል። ሁለቱ ሰዎች ከደምሴ ቤት ጀርባ በአንድ ዛፍ ሥር ቆመው ክር ይለኩ ነበር።

"በምን ቋንቋ ተስማማችሁ?" አለ ኪሩቤል ሙሄዲንን።

"ልጄ፣ ቋንቋዋ እንደ ማንጎዬ ነው" አለው። "ክሩን እየተፋሁ ጭማቂውን መጠጥኩ።"

ከዚያ ምን ሆነ? ሀብታም የሆነ የለም። መኪናው መጥቶ ሞላ፤ ሕዝቡ በእልልታ ሸኘው። መንገድ ላይ ግን ስለ አዲሱ ስምምነት ያልሰማ አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ ወረቀቱን እያገላበጠ አቆመው። ወልድያ ተደወለ፣ አዲስ አበባ ተደወለ። ማንጎው ግን ስብሰባ አይጠብቅምና ጥቂቱ እዚያው በሰበሰ። የተረፈው ሞምባሳ ደረሰ። ሴትዮዋ ቃሏን ጠበቀች፤ የተከፈላቸው ከአስፋልት ዳር ሽያጭ ይሻላል፣ ካለሙት ግን ያንሳል። ደምሴ የጣራውን ቆርቆሮ ግማሹን ቀየረ። ለይላ የውሃ ታንከር ገዛች። ኡበይደላም ነፃ ንግድ ማለት መላክ ብቻ ሳይሆን መቀበልም መሆኑን የተረዳው፣ የኬንያ ሻይ ቅጠል አምጥቶ ሲያፈላ ደንበኞቹ "የድሮውን መልስልን" ብለው ሲያምፁበት ነው።

ኪሩቤል ተመልሶ መጣና መከረ። "በተናጠል አይሆንም፤ ማኅበር መሥርቱ። ወረቀቱም አንድ ይሆናል፣ መኪናውም ይሞላል።" ተመሠረተ። ሊቀመንበር ማን ይሁን ሲባል ደምሴ ተነሣ፤ ሙሄዲንም ተነሣ። አንዱ "እኔ ግማሽ መኪና ብቻዬን አለኝ" ሲል፣ ሌላው "ያንተን ግማሽ ሙሉ ያደረግሁት እኔ ነኝ" እያለ ፀሐይ ዘቀዘቀች። ሕዝቡ ደከመው። በዚያች መሃል አንድ ሰው ቀስ ብሎ፣ "ለመሆኑ እስከ ዛሬ ማንጎውን ቀላቅሎ ሲሸጥልን የኖረው ማን ነው?" አለ። እጅ ወጣ። አስካለ ሊቀመንበር፣ ለይላ ገንዘብ ያዥ ሆነው በአብላጫ ድምፅ ተመረጡ።

በዘንድሮው ወቅት የመጀመሪያው መኪና ሲመጣ አስካለ መንገዱ ዳር ቆማ እጇን እያወናጨፈች ታዛለች። ለይላ በአጠገቧ የሚገባውን ሣጥን ሁሉ እየከፈተች ትመረምራለች።

"ሐጂ፣ ያንን ወዲህ ያምጡልን እባክዎ" አለች አስካለ። "የለም የለም፣ ከሥር ይሁን። ደምሴ! ምን ቆመህ ታያለህ? ያዝላቸው እንጂ!"

ሁለቱ ሰዎች ሣጥኑን ከዚህና ከዚያ ይዘው ጎንበስ አሉ።

"ሙሄዲን" አለ ደምሴ በሹክሹክታ፣ "ሊቀመንበር ማውረድ በደንቡ ላይ አለ?"

"አለ። ኪሩቤልን ጠይቄዋለሁ። ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው መደገፍ አለበት።"

"እኛ ስንት ነን?"

ሙሄዲን ዞር ብሎ ሕዝቡን አየ፤ ከዚያ አስካለን አየ፤ ከዚያ ለይላን።

"ሁለት" አለ።

"በል አንሣ" አለ ደምሴ። አነሡ።